ሥርጉት የዳኘችው ጭውውት

መምህርት ሥርጉት በመካነ ሰላም ከተማ አማርኛ ማስተማር ከጀመረች ሃያ አንድ ዓመት ሆኗታል። እኔ ከእሷ ጎን ባለው ክፍል ታሪክ አስተምራለሁ። ከዚህ በታች የምተርከውን ግማሹን በዓይኔ አይቻለሁ፤ ግማሹን እሷው ነግራኛለች።

የትምህርት ቤታችንን የድራማ ክበብ ያቋቋመችው ሥርጉት ናት። መድረክ ባልነበረን ጊዜ ዴስክ አገጣጥማ፣ መጋረጃ ባልነበረን ጊዜ የራሷን ነጠላ ወጥራ ልጆቹን ጭውውት ታሠራ ነበር። ሲሳሳቱ አትቆጣም። ከመጽሐፍ የተቀዳ ነገር ሲያመጡባት ግን ትመልሳቸዋለች። «በሰፈራችሁ ያያችሁትን ሰው ሥሩልኝ» ትላቸዋለች። እነሱም የገበያውን ደላላ፣ የሚኒባሱን ረዳት፣ አንዳንዴም እኛን መምህራኑን ይሠሩናል። ሁዜይፋ የሚባለው የጨርቅ ነጋዴ ልጅ የዳይሬክተራችንን አረማመድ ሲያሳይ ዳይሬክተሩ ራሱ በሳቅ ከወንበሩ ሊወድቅ ደርሶ ያውቃል።

ነገሩ የሆነው መንገዱ እንደልብ ይኬድበት በነበረ ዓመት ነው። አንድ ቀን ከአዲስ አበባ ተደወለላት። አንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ የጭውውት ውድድር በቀጥታ ያስተላልፍ ነበር። ቡድኖቹ መድረክ ላይ ወጥተው ይጫወታሉ፣ ሦስት ዳኞች እዚያው ከዐሥር የሚሰጡት ነጥብ የተጻፈበት ሰሌዳ ያነሳሉ፣ ያሸነፈው ለፍጻሜው አዲስ አበባ ይሄዳል። የእኛ አካባቢ ዙር ደሴ ላይ ሊካሄድ ነው። ሁለቱ ዳኞች የታወቁ ባለሙያዎች ናቸው፤ ሦስተኛዋ እንድትሆን የተጠራችው ሥርጉት ናት።

«ከተወዳዳሪዎቹ አንዱ ሁዜይፋ ነው። ያስተማርኩት ልጅ ነው፤ አያስቸግርም?» አለቻቸው።

«እንዲያውም ያምራል! መምህርና ተማሪ» አሏት።

ሁዜይፋ ያኔ ተመርቆ ሁለት ዓመት ያለ ሥራ ተቀምጧል። ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ቡድን መሥርቶ ሠርግ ላይና ምርቃት ላይ ይጫወት ነበር። ይህ ውድድር ለእሱ ምን ማለት እንደሆነ ከተማው ሁሉ ያውቃል።

ስርጭቱ እሑድ ከሰዓት ነበር። እኛ መናኸሪያው አጠገብ ካለው ሆቴል ተሰብስበን ጠበቅን። ወንበር አልቆ ሰው በመስኮት ይመለከታል። የትምህርት ቤታችን ዘበኛ ጋሽ ፈንታውም መጥተው በሩ አጠገብ ቆመዋል። ጋሽ ፈንታው ሲናገሩ አንደበታቸው ይይዛቸዋል፤ አንዱ ፊደል ላይ ይቆሙና ትንሽ ታግለው ያልፉታል። በሩን የሚከፍቱት፣ ደወሉን የሚደውሉት እሳቸው ናቸው። ከዓመት ዓመት ከልጆቹ ጋር ስለተላመዱ እንደ ወጣትነታቸው ዘመን አያፍሩም ነበር። አርፋጅ ሲመጣ አስቁመው ቀስ ብለው ይቀልዱበታል፤ ልጁም ቀልዱ እስኪያልቅ በትዕግሥት ይጠብቃል።

ሥርጉት በቴሌቪዥኑ ስትታይ ሆቴሉ በጭብጨባ ተናጋ። ሰማያዊ ሻርፕ አድርጋለች፤ ጠረጴዛው ስለገዘፈባት ትንሽ መስላ ታየችን። የደሴውና የኮምቦልቻው ቡድን ተጫውተው ነጥባቸውን ወሰዱ። ኮምቦልቻዎቹ ሃያ ስድስት አግኝተው መሪ ሆኑ። በመጨረሻ ሁዜይፋ ወጣ።

ጭውውቱ እንዲህ ነው። አንድ ሰው እየሮጠ ወደ ቢሮ ይገባል። ከጠረጴዛው ጀርባ አንድ ሹም ተቀምጧል። ሰውየው አንደበቱን ይዞት «እ... እ... እ...» ይላል። ሹሙ ብዕሩን ያነሳል።

«እህል? እህል ተሰረቀብዎት?»

ሰውየው ራሱን ይነቀንቃል። «እ... እ...»

«እድር? እድሩ ከለከለዎት? እባብ ነው? ... ገባኝ፣ እርጎ!»

ሹሙ እያንዳንዱን ቃል ይመዘግባል። ሁዜይፋ ያንን «እ» በአንገቱ፣ በትከሻው፣ በጣቶቹ ሁሉ ሲጫወተው አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ። አልዋሽም፣ ዓይኔ እስኪያነባ ሳቅሁ። ካሜራው ወደ ዳኞቹ ዞረ፤ ሥርጉት አፏን በመዳፏ ይዛ በሳቅ እየተንፈራፈረች ነበር።

በዚህ መሃል ሹሙ ከመቀመጫው ተነሣና ወንበር ስቦ፣ «ቁጭ ይበሉና ትንፋሽዎን ይሰብስቡ። ቀስ ብለን እንደርስበታለን» አለ።

ሥርጉት እንደነገረችኝ፣ ሳቋ እዚያ ላይ ቆመ። ያቺን ቃል የተናገረችው እሷ ራሷ ነበረች።

ከዚያ ቀን ዐሥር ዓመት በፊት፣ በታኅሣሥ ወር፣ ሥርጉት በመምህራን ማረፊያ ክፍል ደብተር እያረመች ሳለ ጋሽ ፈንታው ሮጠው ገቡ። ቤታቸው ከትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ነው። «እ... እ...» አሉ። «እናትዎ? እንግዳ መጣ? እህል?» አለቻቸው። ክፍሉ ውስጥ ደብተር ይዘው የገቡ ልጆች ነበሩ፤ መሳቅ ጀመሩ። እሷም ፈገግ ብላ ወንበር ሳበችላቸውና ያቺን ቃል ተናገረች። ጋሽ ፈንታው አልተቀመጡም። ክንዷን ይዘው ወደ በሩ ሲጎትቷት ጢሱን አየችው። ቤታቸው እየተቃጠለ ነበር። ተማሪው ሁሉ ሮጦ ሲደርስ ጣሪያው ወርዷል። ባለቤታቸው እትዬ ብርሀንነሽ ጥጃ ለማውጣት ገብተው ቀኝ እጃቸው ተቃጥሎ፣ ሁለቱ ጣቶቻቸው ተጣብቀው ቀሩ። ያቺ የባከነች ደቂቃ ምን ታድን እንደነበር ያሰላ ሰው የለም። ሥርጉትም ጠይቃ አታውቅም።

በመድረኩ ላይ ጭውውቱ ወደ መጨረሻው ደርሷል። ቢሮው በጢስ ሞላ፤ ሹሙ እየሳለ «አሃ፣ እሳት! ታዲያ ለምን አይናገሩም?» አለና መብራቱ ጠፋ። አዳራሹ ቆሞ አጨበጨበ። ሁለቱ ዳኞች ዘጠኝ ዘጠኝ አነሱ፤ ዐሥራ ስምንት ሆነ። አቅራቢው ወደ ሥርጉት ዞረ።

«መምህርት፣ እንባዎን ይጥረጉና ነጥብዎን ያሳዩን! ስምንት ከሰጡ እኩል ናቸው፤ ዘጠኝ ከሰጡ ተማሪዎ አዲስ አበባ ይገባል!»

«ዝቅ ያለ ባነሣ ለምን ይሉኛል» አለችኝ በኋላ። «ለምን ሲሉኝ ያን ቀን ያደረግሁትን አገር በሚያየው ቴሌቪዥን ልናገር ነው። ሁዜይፋ ደግሞ መድረኩ ላይ ቆሞ ዓይን ዓይኔን ያየኛል። እጄ ዘጠኝን አነሣ። እጄ አነሣ እላለሁ እንጂ ያነሣሁት እኔ ነኝ።»

ሆቴሉ በእልልታ ቀለጠ። እኔም ወደ በሩ ዞር ስል ጋሽ ፈንታው የቆሙበት ቦታ ባዶ ነበር።

ሰኞ ሥርጉት ስትመለስ ሰው መናኸሪያ ወጥቶ ተቀበላት። ማክሰኞ ጠዋት ግን ጭውውቱ በየልጁ ስልክ ውስጥ ገብቶ ነበር። በሩ ላይ ጋሽ ፈንታው አንዱን አርፋጅ አስቁመው መናገር ሲጀምሩ፣ ከኋላ ያሉት ልጆች «እህል? እድር? እርጎ?» እያሉ ጮሁባቸው። በማግሥቱም እንዲሁ ሆነ። ሐሙስ ዕለት ጋሽ ፈንታው የበሩን ቁልፍ ለዳይሬክተሩ አስረክበው ሄዱ።

በዚያው ቀን ከሰዓት ሥርጉት ቤታቸው ሄደች። በሩን የከፈቱት እትዬ ብርሀንነሽ ናቸው።

«ይግቡ፣ መምህርት» አሉ። «በቴሌቪዥን ካየንዎት ወዲህ ጠፉብን።»

ጋሽ ፈንታው ከግድግዳው ጥግ ተቀምጠው ገመድ እየገመዱ ነበር። ቀና ብለው ራሳቸውን ነቅንቀው ሰላምታ ሰጡና ወደ ገመዳቸው ተመለሱ። ሥርጉት በመንገድ ስታዘጋጀው የመጣችው ንግግር ጠፋባት።

«ጋሽ ፈንታው፣ የሹሙ ወንበር ላይ የነበርኩት እኔ ነኝ። መጀመሪያ ሳላውቅ ሳቅሁ። በኋላ ግን አውቄዋለሁ። አውቄ ነው ዘጠኝ የሰጠሁት።»

ገመዱ ቆመ። «አ...» አሉ። «አ... አ...»

ሥርጉት አፏ ድረስ የመጡትን ቃላት ዋጠቻቸው። ለመገመት፣ ለመጨረስ፣ ለማገዝ እንዴት እንደቃጣት ስትነግረኝ አሁንም ፊቷ ይቀላል። ዝም ብላ ጠበቀች።

«አ... አንዷን ነጥብ ለምን ቀነሱ?»

እትዬ ብርሀንነሽ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ጋሽ ፈንታው ግን እየቀለዱ አልነበረም፤ መልሱን ይጠብቃሉ።

«ምን ላድርግ?» አለች በመጨረሻ።

«ይ... ይብቃ። ሁ... ሁለተኛ አይታይ።»

ቅዳሜ ሁዜይፋ ከደሴ ተመልሶ ቤቷ መጣ። አዲስ ሸሚዝ ለብሷል፤ ፊቱ ያበራል።

«ቲቸር፣ ወላሂ ዘጠኙን ሲያነሡ አለቀስኩ» አላት።

«ያን የእሳቱን ቀን ከሳቁት ልጆች አንዱ አንተ ነበርክ?»

ፊቱ ጠቆረ። «በሩ ላይ የቆምኩት እኔ ነኝ።»

«እያስታወስክ ነው የሠራኸው?»

«እያስታወስኩ ነው። በሰፈራችሁ ያያችሁትን ሥሩ ይሉን የለ? ከልምምዱ ጀምሮ ይቆጡ ይሆን ብዬ ፈርቼ ነበር። ሲስቁ ሳይ ግን ይሁን አልኩ። እርስዎ ከሳቁ ማን ይቆጣል?»

ሥርጉት ይህን ስትሰማ ተነሥታ ወደ ጓሮ ወጣች። ስትመለስ ልጁ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል።

«ለፍጻሜው የሚፈልጉት ያንኑ ሰውዬ ነው» አለ። «ስልክ ደውለው ነግረውናል። ሌላ ይዘን ብንቀርብ አለቀልን።»

«አብሽር፣ አይዞህ አልልህም። ጥፋቱ ከአንተ ይልቅ የእኔ ነው። ግን ፈቃዱ የእኔ አይደለም፤ ሂድና ጋሽ ፈንታውን ጠይቅ።»

ሄደ። ጋሽ ፈንታው አላናገሩትም። እትዬ ብርሀንነሽ ግን ቀኝ እጃቸውን ከነጠላቸው ሥር አውጥተው ከፊቱ ዘረጉት።

«ልጄ፣ እሳቱን ካሳየህ አይቀር ይቺንም ጨምራት» አሉት።

ሁዜይፋ ከዚያ ቤት ወጥቶ እስከ መስጊዱ ድረስ በእግሩ ሄደ፤ ጓደኞቹ ቢደውሉለትም አላነሣም። አዲስ አበባ ላይ ያቀረቡት ሌላ ጭውውት ነበር፤ ጭቃ ስለያዘው ሚኒባስና ስለ ተሳፋሪዎቹ። በሁለት ሳምንት የተሠራ ነገር መሆኑ ያስታውቃል። ሰዉ እዚህም እዚያም ሳቀ እንጂ አልተነሣም። መጨረሻ ወጡ።

ከዚያ በኋላ ከተማው በሥርጉት ላይ ዞረ። «የልጁን እንጀራ ዘጋች» አሉ። «እዚያ ዘጠኝ ሰጥታ እዚህ መጥታ ከለከለች» አሉ፤ ይህኛው እውነት ስለሆነ አልመለሰችም። የሁዜይፋ ሁለት ጓደኞች ተለይተውት ደሴ ቀሩ። እሱ አሁን አባቱ ሱቅ ጨርቅ ይለካል። ሥርጉት በዚያ ስታልፍ «አሰላሙ አለይኩም፣ ቲቸር» ይላታል፤ «ወአለይኩም ሰላም፣ ሁዜይፋ» ትለዋለች። ከዚያ የዘለለ ነገር አይነጋገሩም።

አንድ ሰኞ ጠዋት ሰንደቅ ዓላማ ከተሰቀለ በኋላ ሥርጉት ዳይሬክተሩን አስፈቅዳ ተማሪው ፊት ቆመች። የእሳቱን ቀን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተናገረች፤ ቃላቱን፣ ወንበሩን፣ ፈገግታዋንም ሳትደብቅ። የደሴውንም ጨመረች። ሴት ተማሪዎቹ መሬት መሬት አዩ። ከኋላ ሰልፍ ግን አንዱ ቀስ ብሎ «እ...» አለ፤ ጥቂቶች ሳቁ። ሰምታዋለች። ማን እንደሆነ አልጠየቀችም።

የድራማ ክበቡን ለእኔ ትታዋለች። እኔ አልቻልኩበትም፤ ልጆቹ ከመጽሐፍ የተቀዳ ነገር ሲያመጡ እቀበላቸዋለሁ። ጋሽ ፈንታው ከከተማው ወጣ ባለ የእህል መጋዘን ዘበኛ ሆነዋል። ሰው ብዙም አይደርስበትም፤ የፈለጉትም ይህንኑ ነው ይባላል። ትምህርት ቤቱ ሁለት ጊዜ ሰው ልኮ እንዲመለሱ ጠይቋቸው ነበር፤ እሺም እንቢም አላሉም።

ሥርጉት በየወሩ አንዴ እዚያ ድረስ ትሄዳለች። አንዳንድ ቀን ያናግሯታል፣ አንዳንድ ቀን ደግሞ ዝም ብለው ተቀምጠው ይለያያሉ። ባለፈው ሰኔ የፈተና ወረቀት አብረን ስናርም፣ «ይቅር ብለውሽ ይሆን?» ብዬ ጠየቅኋት።

«አልጠየቅኋቸውም» አለችኝ። «ብጠይቃቸው ለመመለስ የሚለፉት እሳቸው ናቸው።»

ከዚያ ቀዩን እስክሪብቶ አንሥታ የቀረውን ወረቀት ማረም ቀጠለች።