ወደ አጎቴ ግቢ የተላከው ሐረግ

ባለፈው ሳምንት መናኸሪያው አካባቢ ጁስ ቤት ገብቼ ተራዬን ስጠብቅ፣ ልጅቷ አንድ ፓሽን በቢላ ለሁለት ከፈለች። ሽታው ደረሰኝ። ጎምዘዝም ጣፈጥም የሚል፣ አፍንጫ ውስጥ የሚሰነብት ሽታ ነው። አፌ ውኃ ሞላ። ያዘዝኩትን ግን ሳልጠጣ ወጣሁ። ከዚህ ሽታ ጋር አብሮ የሚመጣብኝ የሰው ጩኸት ነው።

የእኛና የአጎቴ ቤት እዚሁ ሶዶ ጀርባ ለጀርባ ነበሩ። የእኛ በር ወደ ላይኛው መንገድ፣ የእነሱ ወደ ታችኛው ይከፈታል። ጓሮው ግን አንድ ነበር። አባቴ በሕይወት እያለ አጥር የሚባል ነገር አላውቅም። የአጎቴ ሚስት በእንሰቱ መሀል ተሽሎክሉካ ትመጣና ፀጉሬን ትሠራኛለች። እናቴ ልብስ ሰፊ ነበረች፤ መኪናዋን በረንዳ ላይ አውጥታ እየሰፋች፣ ሁለቱ በወላይትኛ ሲንሾካሾኩ ሲሳሳቁ ይውላሉ። ለማያውቃቸው የአንድ እናት ልጆች ነበር የሚመስሉት።

አባቴ ሲሞት አጎቴ፣ "ጓሮው የአባቴ መሬት ነው፤ ለወንድሜ እንጂ ለሚስቱ አልተሰጠም" አለ። ሽማግሌ ተቀመጠ፤ መሬቱን እኩል ከፍሎ ተነሣ። እኩል መሆኑን ግን ሁለቱም አልወደዱትም። አጎቴ ሚስቱን፣ "እዚያች ሴትዮ ግቢ ከረገጥሽ እዚያው ቅሪ" እንዳላት ሰማን። እሷም መምጣቷን ተወች። እናቴን ከመሬቱ ይልቅ ያቃጠላት ይሄ ይመስለኛል። አንድ ቀን ጨርቅ እየቀደደች፣ "ተደብቃ እንኳ አትመጣም?" ስትል ሰምቻታለሁ፤ ለራሷ ነበር የምታወራው።

ስምንተኛ ክፍል እያለሁ ከእናቴ ጋር ዱቦ ካለች ዘመዷ ዘንድ የፓሽን ችግኝ ልናመጣ ሄድን። ዘመዷ እርጥብ ማዳበሪያ ጆንያ ውስጥ ጠቅልላ ስትሰጣት፣ "ይሄ ነገር አይታዘዝም" አለቻት። "በየጊዜው ካልከረከምሽው ያገኘው ላይ ይወጣል። ዛፍ ያንቃል።"

"የምፈልገውም እሱኑ ነው" አለች እናቴ። የቀለደች መስሎኝ ቀና ብዬ አየኋት። አልቀለደችም።

ድንበሩ ላይ ጉድጓድ አስቆፍራ ፍግና አመድ ሞላችበት፤ የባሕር ዛፍ ቋሚ አስተክላ ሽቦ ወጠረችበት። ክረምቱ ሲገባ ሐረጉ አበደ። ቀጫጭን ጅማቱ ያገኘውን ሁሉ እየተጠመጠመ ያዘ፤ ሽቦውን፣ ቋሚውን፣ እርስ በርሱን። በዓመቱ ከሰው ቁመት በላይ የሆነ አረንጓዴ ግድግዳ ቆመ። አበባው ያምር ነበር፤ ነጭ ሆኖ መሀሉ ወይን ጠጅ። ትልልቅ ጥቁር ንቦች ቀኑን ሙሉ ሲያጉረመርሙበት ይውላሉ።

እናቴ በእኛ በኩል ያቆጠቆጠውን ሁሉ ትቆርጣለች፤ ያውም ወረቀት እንኳ በማታስነካው የስፌት መቀሷ። ወዲህ ሲቆረጥ ወዲያ ይገፋል። ፍሬ የሚይዘውም ለጋው ቅርንጫፍ ስለሆነ ፍሬው ሁሉ በአጎቴ በኩል ሆነ። ሐረጉ ድንበሩ አጠገብ የነበረው የአጎቴ አቮካዶ ዛፍ ላይ ወጣበት፤ አናቱን ከደነው፤ አቮካዶው ቅጠሉን ማርገፍ ጀመረ።

"አንቺ ሴትዮ! ዛፌን ልትገድይው ነው?" ይላል አጎቴ ከወዲያ።

"ተክል እግር አለው እንዴ? እኔ ምን ላድርግዎ!" ትላለች እናቴ ከወዲህ። ስትሰድበው እንኳ አንቱ ማለቷን አልተወችም።

አጎቴ በስሎ የወደቀውን ፍሬ እየለቀመ በአጥሩ ላይ ይወረውርብን ነበር። ቆርቆሮው ላይ ዷ ብሎ ይፈነዳና ቢጫ ውኃው በግድግዳው ይወርዳል፤ ዝንብ ይወርበታል። ጥናት ላይ ሆኜ ያ ድምፅ ሲመጣ ትከሻዬ ብቻውን ይሰበሰብ ነበር። አሁንም ቤቴ ጣሪያ ላይ አንድ ነገር ሲወድቅ ያው ነኝ።

የአጎቴ ሚስት ታማለች መባሉን ሰምተናል። እናቴ፣ "የድሮ ጨጓራዋ ነው" ብላ አለፈችው። "ቢብስባት ትልክብኝ ነበር።"

ከዚያ በልግ ሊገባ አካባቢ፣ እናቴ ቦዲቲ ገበያ በሄደችበት ቀን፣ አጎቴ በጓሮ በኩል ገጀራ ይዞ መጣ። እኔን እያየኝ ግንዶቹን ከሥር ከሥራቸው ቆረጣቸው። ሲጨርስ ላቡን በክንዱ ጠረገና፣ "ለእናትሽ ንገሪያት" አለኝ። "በወንድሜ መሬት ላይ እባብ አታሳድግም።"

እናቴ መጥታ የተቆረጠውን አየች። ሐረጉ ግን ወዲያው አልሞተም። ቅጠሉ ቀስ እያለ ጠወለገ፣ ቡናማ ሆነ፤ ፍሬው ተሸበሸበ፤ ግቢው የበሰበሰ ጣፋጭ ሸተተ። ቀጥሎ የመጣው ዝናብና ነፋስ ቋሚዎቹን ነቅሎ ያን ሁሉ ድርቆሽ፣ የአቮካዶውን ቅርንጫፍ ጨምሮ፣ መሬት ላይ ጣለው።

ጠዋት እናቴ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ወጣች። ልትሳደብ እንደሆነ ከአረማመዷ አውቄ ተከተልኳት። አጥሩ የነበረበት ቦታ ስትደርስ ቆመች።

ወዲያ ማዶ፣ በአጎቴ ቤት ጥግ ፀሐይ በሚያርፍበት፣ ስፖንጅ ፍራሽ ላይ አንዲት ሴት ጋቢ ለብሳ ተደግፋ ተቀምጣለች። መጀመሪያ አላወቅኳትም። አሮጊት መሰለችኝ። ፀጉሬን ስትሠራ ጉልበቷ ላይ የምታስተኛኝ ያቺ ወፍራም ሴት ጋቢው ውስጥ ያለች አትመስልም ነበር። እጇን ትንሽ አነሣች።

"ሚቼ" አለች። እህቴ ማለቷ ነው።

እናቴ ድርቆሹ ላይ ወጣች። ሽቦው ቀሚሷን ያዘው፤ ጎትታ ቀደደችው። አጎቴ ከቤት ወጥቶ፣ "አንድ እርምጃ ብትቀጥይ!" ብሎ ዱላ አነሣ።

"ይምቱኝ" አለችው ሳታየው፤ በአጠገቡ አለፈች። ዱላው እንደተነሣ ቀረ።

ከሚስቱ አጠገብ ተንበርክካ ታለቅስላታለች ብዬ ስጠብቅ እናቴ ተቆጣች። "ለምን አላክሽብኝም? ለምን?"

"በማን?" አለች የአጎቴ ሚስት። ድምፅዋ ጭራሽ ስስ ነበር። ቀጥላም፣ "ፍሬሽን እበላ ነበር" አለቻት። "እሱ ሳይለቅመው ቀድሜ እለቅማለሁ። ምግብ ሁሉ ሲያስጠላኝ እሱ ብቻ ነው የሚወርድልኝ። አንቺ የላክሽልኝ ነው እል ነበር።"

አጎቴን ቀና ብዬ አየሁት፤ ዱላውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ወደ ቤት እየገባ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቴ አጎቴ ሥራ እንደወጣ እየሄደች ታጥባታለች፣ ታገላብጣታለች። ወቅቱ አልፎ ገበያ ላይ ፓሽን ሲጠፋ ዱቦ ድረስ ሄዳ ለምና አመጣች። ጨምቃ በማንኪያ ስትሰጣት፣ የአጎቴ ሚስት ፊቷን አኮማትራ፣ "የእኛው ይሻል ነበር" አለቻት። ሁለቱም ሳቁ። አብረው ሲስቁ ለመጨረሻ ጊዜ ያየኋቸው ያን ቀን ነው።

ክረምቱ ሳይወጣ የአጎቴ ሚስት ሞተች። ለቅሶው ላይ አጎቴና እናቴ በአንድ ድንኳን ውስጥ ተቀምጠው አንድ ቃል አልተነጋገሩም። እርቅ አልወረደም። ዛሬም አልወረደም።

ሐዘኑ እንዳለፈ አጎቴ ብሎኬት አስጭኖ ግንበኛ ይዞ መጣ። ግንቡ ሲነሣ እናቴ ስፌቷን ትታ በረንዳው ላይ ተቀምጣ ስታይ ዋለች። ከጉልበት በላይ ሆነ፣ ከደረት በላይ ሆነ። ግንቡ ፊቱን ሊጋርደው ሲል አጎቴ ቆም ብሎ አያት፤ ስድብ የሚጠብቅ ይመስል ነበር።

"ያስጨርሱት" አለችው። "ከእንግዲህ ወዲያ ማዶ ማንን አያለሁ?"