እናቴ «እኔን!» ያለች ቀን

አስራ አንደኛ ክፍል ሕግ የወሰድኩት ወድጄ አልነበረም፤ የስፖርት ክላሱ ሞልቶብኝ ነው። እናቴ ስትሰማ ሳቀች። «አንቺ ደግሞ ለመከራከር ምን ትምህርት ያስፈልግሻል?» አለችኝ። እውነቷን ነው።

እናቴ ኤርፖርት ዊልቸር ትገፋለች። አንድ ቀን ስትገፋቸው የነበሩ አሮጊት ከወንበሩ ሲነሱ ወደቁ። እናቴ «እኔን! እኔን!» እያለች አነሳቻቸው። አማርኛ የማይሰማው ሱፐርቫይዘሯ ሮጦ መጣና ምን እያለች እንደሆነ ጠየቃት። እሷም በየዋህነቷ ቃል በቃል ወደ እንግሊዝኛ መለሰችለት፦ «ሚ! ሚ!» በቃ፣ ጥፋቱ የኔ ነው ብላ አመነች ተባለና ከሥራ ታገደች። ጉድ እኮ ነው!

ኦሮራ ከተማ ያለው ቤታችን ስደርስ ዩኒፎርሟን ሳታወልቅ ሶፋው ላይ ተቀምጣ ታለቅሳለች።

«ሊያባርሩኝ ነው» አለችኝ። «ፍሬኑን ይዣለሁ፤ ይቆዩ እንጂ እያልኳቸው ነው የተነሱት። ደግነቱ ምንም አልሆኑም።»

ንዴቴ አናቴ ላይ ወጣ። በዚያው ሰሞን ክላስ የምንማረው ተከሳሽ ስለሚሰጠው የእምነት ቃል ነበር። አንድ ሰው ጥፋቱን አመነ ከማለታችን በፊት፣ በገዛ ቋንቋው ምን ማለቱ እንደሆነ መጠየቅ አለብን ብላ አስተማሪያችን ደጋግማ ነግራናለች። ይኼን ሱፐርቫይዘር ግን ማን አስተማረው?

ጉዳይዋን ለማየት ስብሰባ ሲጠሯት አስተርጓሚ ሆኜ አብሬያት ገባሁ። «በትሕትና፣ እሺ?» አለችኝ በር ላይ። ሞከርኩ።

«እኛ ጋ ሰው ሲወድቅ ‹እኔን› እንላለን» አልኩት ሱፐርቫይዘሩን። «በወደቀው ሰው ፈንታ እኔን ያግኘኝ ማለት ነው። ሕፃን ሲደናቀፍም እንላለን፤ ማንም ስለገፋው አይደለም!» ድምፄ ከፍ ሲል እናቴ ከጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠችኝ።

ሰውየው ወደ እናቴ ዞረ። «ለማታውቂያት ሴትዮ ነው እንደዚህ ያልሺው?»

ተረጎምኩላት። ግራ ገባት።

«ታዲያ ለማን ልበል?» አለች። «የወደቁት እሳቸው ናቸው።»

ይኼንንም ተረጎምኩለት። አንገቱን እየነቀነቀ ፈገግ አለ፤ ከነገ ጀምሮ ሥራሽ ግቢ አላት።

ኮሪደሩ ላይ ስንደርስ፣ ያን ያህል ስፎክር የነበርኩት ልጅ እንባዬ ዱብ ዱብ ይል ጀመር። እናቴ ፊቴን በመዳፏ ጠረገችልኝ።

«ኧረ ተይ» አለችኝ፣ «ጠበቃ ያለቅሳል እንዴ?»