የወገዳው ዘይትና የቤተ ልሔም ዋዜማ

ከእስቴ መካነ ኢየሱስ የወጣነው ማለዳ ነው፤ እኔና አጎቴ መሪጌታ አክሊሉ፣ የእናቴ ታላቅ ወንድም። መድረሻችን ጋይንት፣ ቤተ ልሔም ነበር። አጎቴ በወጣትነታቸው ድጓ የተማሩት እዚያ ነው። ከተመረቁ በኋላ እስቴ ውስጥ በአንድ ደብር ሲያገለግሉ ኖሩ እንጂ ተመልሰው አላዩትም። ባለፈው ክረምት የቀኝ ጆሯቸው ጨርሶ ጠፋ፤ ግራውም እየደከመ ሄደ። ኅዳር ሲገባ እናቴን፣ "ይህችኛዋ ሳትዘጋ የጽዮንን ዋዜማ አንድ ጊዜ ቤተ ልሔም ቆሜ ልስማ" አሏት። እናቴ ዞር ብላ እኔን አየችኝ። መኪና ያለኝ እኔ ሴት ልጇ ነኝ።

መኪናዬ በአራቱም ጎማ የምትጎትት አሮጌ ባለናፍጣ ጂፕ ናት። እህልና ሰው እያመላለስኩባት እተዳደራለሁ፤ ሞተሯ ከሄደ እንጀራዬም ሄደ። ስለዚህ በዘይቷ አልቀልድም። የምጠቀመው ሲንተቲክ የሚባለውን፣ በፋብሪካ የተቀመመውን ዘይት ነው፤ አምስት-አርባ የሚሉትን። የፊተኛው ቁጥር ዘይቱ በብርድ ምን ያህል ቶሎ እንደሚፈስ፣ የኋለኛው ሞተሩ ሲግል ምን ያህል እንደሚጸና ይናገራል። የእኛ አገር መንገድ ሁለቱንም ይጠይቃል፤ ጠዋት ውርጭ፣ ቀን የቁልቁለትና የዳገት ግለት።

ከእስቴ ወደ ወገዳ

ጉና በግራችን ነበር። ጭጋጉ ከወገቡ በታች ስለዋጠው ተራራው መሬት የነካ አይመስልም። ገብሱ ታጭዶ በየማሳው ተከምሯል፤ ያልታጨደው ስንዴ ነፋስ ሲነካው አንዴ ወርቅ አንዴ አመድ ይመስላል። አጎቴ ዝም ብለው ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ። መጀመሪያ ጸሎት መስሎኝ ነበር። በኋላ ጣታቸው ጉልበታቸው ላይ ሲወርድና ሲነሣ አየሁና ዜማ መሆኑ ገባኝ። ጭጋጉ ውስጥ ገብተን ስንወጣ፣ ገብተን ስንወጣ፣ መንገዱ ከእሳቸው ዝማሬ ጋር የሚሄድ መሰለኝ።

ምናልባት ያ ነው ያዘናጋኝ። አንድ ጠመዝማዛ ቁልቁለት ላይ ከሥራችን ድንጋይ ጓ አለ። ጥቂት እንደወረድን የዘይቱ ቀይ መብራት በራ። ወዲያው ሞተሩን አጠፋሁ። ወርጄ ጎንበስ ስል ከሞተሩ ሥር ዘይት የሚያጠራቅመው ኮፓ ተሰንጥቆ፣ ያ ንጹሕ ዘይት በአቧራው ላይ ቀስ እያለ ሲወርድ አየሁ።

"ምን ሆነች?" አሉኝ አጎቴ።

ወደ ግራ ጆሯቸው ተጠግቼ፣ "ዘይቷን አፈሰሰች" አልኳቸው።

"ትድናለች?"

"ሳትነድ ነው ያጠፋኋት። ትድናለች።"

ድንች የጫነ አይሱዙ መጥቶ በገመድ ጎተተን። ሞተሩ ሳይጮኽ መሄድ እንግዳ ነገር ነው። የጎማው ድምፅ፣ የአውድማ በሬ ነጂዎች ጥሪ፣ የወፍ ጩኸት፣ ሁሉም በመስኮቱ ይገባል። አገሩ በእኛ በኩል የሚያልፍ እንጂ እኛ የምናልፍበት አይመስልም ነበር። አጎቴን አየት አደረግኋቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ግራ ጆሯቸውን ወደ እኔ መስኮት አዘንብለዋል።

ወገዳ

የጎተተን ሰው የሲማዳ ከተማ ወደሆነችው ወገዳ አድርሶ ጌጡ ከሚባል ባለጋራዥ ደጃፍ ጥሎን ሄደ። ጌጡ ረጋ ያለ ጎልማሳ ነው። ኮፓውን ፈቶ አጠበው፤ ስንጥቁንም በየደው። ጾም ስለሆነ እኔና ጌጡ ከጎን ካለች ምግብ ቤት የሱፍ ፍትፍት በላን፤ አጎቴ ግን እስከ ሰዓታቸው አልቀመሱም። ከሰዓት በኋላ ሥራው አለቀና የቀረው ዘይት ብቻ ሆነ።

ጌጡ ወደ አንድ በርሜል እያመለከተ፣ "አርባ ነው፤ ወፍራሙ። እዚህ ያለው ጭነት መኪና ሁሉ በዚህ ነው የሚሄደው" አለኝ።

"በጋይንት ብርድ ጠዋት እንደ ማር ይሆንብኛል። ሞተሩ ላይ እስኪደርስ ይፋጫል።"

"እሱስ እውነትሽን ነው። እስቲ ወይዘሮ ጥሩዬ ዘንድ ጠይቂ።"

ወይዘሮ ጥሩዬ መለዋወጫ ትሸጣለች። ሲንተቲክ ስላት ደስ ብሏት ከመደርደሪያ አንድ ጣሳ አወረደች። ቁጥሩ የእኔው ነው። ሳየው የክዳኑ ማሸጊያ ቀለበት ተበጥሷል። ከፍቼ ነጭ ወረቀት ላይ ጠብታ ጣልኩበት። የከረመ ሻይ መሰለ፤ ናፍጣ ናፍጣም ይሸታል።

"ይኼ አንዴ ሞተር ገብቶ የወጣ ነው" አልኳት።

ተቀብላ አሸተተችው። ፊቷ ተለወጠ። "እኔም ከሰው ነው የተረከብኩት። ለማንም አልሸጠውም" ብላ ጣሳውን ወደ ጓዳ ወሰደችው። ስትመለስ ሌላ ይዛ መጣች፦ አሥራ አምስት-አርባ፣ ሲንተቲክ ያልሆነ፣ ግን ለናፍጣ ሞተር የተሠራና ማሸጊያው ያልተነካ። ለሞተሬ የሚበቃም ነበራት።

ደብረ ታቦር ወደማውቀው ነጋዴ ደወልኩ። ሲንተቲኩ አለው። በአውቶቡስ ቢልከው ግን ወገዳ የሚደርሰው ቅዳሜ ነው። ዋዜማው ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነው፤ ማለትም ነገ።

አጎቴ ከሱቁ ደጅ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። አጠገባቸው ተቀምጬ ሁሉንም በጆሯቸው ነገርኳቸው። ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙኝና፣

"ትክክለኛውን ጠብቂ" አሉኝ። "መኪናሽ እንጀራሽ ናት። በእኔ ጆሮ ምክንያት አታጥፊያት። ዋዜማው ዘንድሮ ቢያመልጠኝ ለከርሞ..."

አልጨረሱትም። ሁለታችንም ስለ ከርሞ እናውቃለን።

ብዙ አሰብኩ። በርሜሉ ቶሎ ያስኬደኛል፤ ሞተሬን ግን ይጎዳል። ሲንተቲኩ ሞተሬን ያኖራል፤ ዋዜማውን ግን ያሳልፍብናል። የጥሩዬ ጣሳ ከሁለቱ መካከል ነው። ብርዱን እንደ ሲንተቲክ አይችለውም፤ ንጹሕ ነው፤ ለናፍጣ ሞተርም የተሠራ ነው። ጠዋት ሳልቸኩል አሙቄ ከተነሣሁ፣ ዳገቱን ሳላስጨንቃት ከወጣሁ፣ ያደርሰኛል። ዋጋው ዝግታ ነው። ገዛሁት። ጌጡ አሮጌውን ፊልትሮ አውጥቶ አዲስ አሰረልኝና ዘይቱን አብረን ቀዳነው።

"መልካም መርጠሻል" አለኝ፤ "ብቻ አታባሪያት።"

አርብ ገበያ

ወገዳ አደርን። ሲነጋ ሣሩ ነጭ ሆኖ ነበር። ቁልፉን ሳዞር ሞተሩ እያቃሰተ ተነሣ፤ ቀይ መብራቱ ሳይጠፋ ከወትሮው ዘገየ። ከዚያ ጠፋ። ነዳጅ ሳልረግጥ ቆየሁ። ድምፁ ከሻካራ ወደ ለስላሳ ሲለወጥ ፀሐይ ከወዲያኛው ሸንተረር ብቅ አለች፤ ተነሣን።

ወደ አርብ ገበያ ስንቃረብ መንገዱ በሰውና በአህያ ተሞልቷል። ባቄላ የጫኑ፣ ገብስ የጫኑ፣ በግ የሚጎትቱ። ነጭ ጋቢ በነጭ አቧራ ውስጥ ይፈስሳል። እኛም ከመካከላቸው እንደ አንድ ትልቅ አህያ ዝግ ብለን ተጓዝን። ሁለት ጊዜ ቆሜ ዘይቱን ለካሁ፤ አልጎደለም፣ ኮፓውም አላንጠባጠበም። ፀሐይዋ ግን ዘቅዘቅ ማለት ጀምራለች።

አንድ ሽማግሌ ገበሬ መስኮቱን ይዘው፣ "ወዴት ናችሁ?" አሉ።

"ቤተ ልሔም፣ ለዋዜማው።"

"አይ፣ ጀምረዋል እኮ" አሉና በበትራቸው አህዮቹን ገፉልን። ከፊት ያሉትም እያዩ ከፈቱልን። እግሬ ነዳጁን ሊረግጥ ፈለገ። አልረገጥኩም።

ቤተ ልሔም

ስንደርስ ዋዜማው ተጋምሷል። ዜማው ከቤተ ክርስቲያኑ ወጥቶ በጥዱ መካከል እንደ ጭስ ተንሳፍፏል። እኔ እንኳ፣ ቃሉን የማላውቀው፣ ቆሜ አዳመጥኩት። አጎቴ ጫማቸውን አውልቀው በሩ ዘንድ ቆሙ። ፊታቸውን አየሁ፤ ምንም አይነበብበትም።

"ይሰማዎታል?" አልኳቸው።

"እንደ ንብ ቀፎ ነው የሚሰማኝ" አሉ ቀስ ብለው። "ቃሉ አይለይም።"

ያን ጊዜ ከውስጥ መቋሚያ የያዙ ሽማግሌ ወጡ። የኔታ ሀብቴ ናቸው፤ ከአጎቴ ጋር በአንድ ጎጆ ሆነው የተማሩ፣ ዛሬ የቦታው መምህር። ጥቂት ተመለከቷቸው። አጎቴ እጃቸውን ወደ ጆሯቸው ሲያነሡ የኔታ ገባቸው። ተጠግተው አፋቸውን ግራ ጆሯቸው ላይ አደረጉና ውስጥ የሚባለውን ዜማ ከዚያው ቀጠሉላቸው። አጎቴ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ቃሉ መጨረሻው ሳይደርስ ተቀበሉት። ድምፃቸው እንዲህ ወፍራም መሆኑን አላውቅም ነበር። ሁለቱ ሽማግሌዎች ግንባር ለግንባር ሊነካኩ ጥቂት ቀርቷቸው፣ አንዱ ሲጥል ሌላው ሲያነሣ፣ ብርሃኑ ከጥዱ ላይ እስኪወርድ ቆሙ።

በማግስቱ ከቅዳሴ በኋላ ቆሎ ቀርቦልን ሳለ የኔታ ሀብቴ፣ "አክሊሉ እዚህ ይቀራል" አሉኝ። "ብቻዬን ልጆቹን አልቻልኳቸውም።"

"ጆሯቸውስ፣ የኔታ? ተማሪው ሲስት እንዴት ይሰማሉ?"

የመለሱልኝ አጎቴ ናቸው፤ ከንፈሬን አይተው ይሆናል። "የሚሳሳት ልጅ ትንፋሹ ቀድሞ ያልቅበታል። አየዋለሁ። ሌላውም ወደ ጆሮዬ ይጠጋል።" ከዚያ ሳቅ አሉ። ከክረምት ወዲህ ሲስቁ ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

መልስ

ብቻዬን ተመለስኩ፤ በዝግታ። ገደሉና ማሳው ያው ነበር፤ ከጎኔ የሚንቀሳቀስ ከንፈር ግን አልነበረም። እስቴ እንደገባሁ ዘይቱን አፍስሼ በጨርቅ ላይ ፈተሽኩት፤ የብረት ብናኝ የለበትም። ሲንተቲኩን መልሼ ቀዳሁ። የሚሻለው እሱ መሆኑን ዛሬም አልክድም። ከእንግዲህ ግን ያልተከፈተ ጣሳ ሳልይዝ ወደ ሲማዳ አልወርድም። የመረጥኩት ያነሰ ዘይት እንዳደረሰኝም አልረሳም፤ ያደረሰኝ አቅሙን አውቄ ስለነዳሁ ነው። አጎቴንም ሊሰናበቱ የሚሄዱ ሽማግሌ አድርጌ ነበር የጫንኳቸው። ገና ሥራ ያላቸው ሰው ሆነው ወረዱ።

እናቴ ከደጅ ቆማ ጠበቀችኝ። ባዶውን ወንበር አየች። ነገሩን ሁሉ ነገርኳት። ከዚያ ወደ ውስጥ ገብታ የወንድሟን ብርድ ልብስና መጻሕፍት በአንድ ኩታ ማሰር ጀመረች።

"ወደዚያ የሚሄድ ሰው እስኪገኝ አንጠብቅም" አለችኝ ሳትዞር። "ነገ እኔም አብሬሽ እሄዳለሁ።"