ባዶ እጇን በፍም ላይ

ስታሜና ከሰል አክሳይ ናት። አባቷም ሟች ባሏም በስትራንጃ ተራሮች ጫካ ግንድ በአፈር ከድነው ሲያከስሉ ኖረዋል። ዕድሜዋ ሃምሳ ስምንት ነው። ከሃያ ዓመቷ ጀምሮ በየዓመቱ በቅዱስ ቆስጠንጢኖስ በዓል የቅዱሱን ሥዕል ታቅፋ በባዶ እግሯ ፍም ላይ ትሄዳለች። አንድም ቀን ተቃጥላ አታውቅም። ለመንደሩ ነገሩ ግልጽ ነው፤ ቅዱሱ የያዘውን ሰው እሳት አይነካውም።

አምና ከከተማ የመጣ ጋዜጠኛ ምስጢሩን ጠየቃት።

"ቅዱሱን አይቼው አላውቅም" አለችው። "የምሄደው እኔው ነኝ።"

ንግግሯ በሬዲዮ ተላለፈ።

ዘንድሮ በበዓሉ ዕለት ሥዕሎቹ የሚቀመጡበት የቅዱሱ ቤት ጠባቂ፣ ሽማግሌው ዲምቾ፣ ፍም ላይ ለሚሄዱት ሥዕሎቹን ሲያድል እሷን ዘለላት።

"ጋሼ፣ ረሱኝ እንዴ?"

"ቅዱሱን የረሳሽውስ አንቺ ነሽ። ተሳስቼ ነው በይና ውሰጂ።"

"አልተሳሳትኩማ።"

"እንግዲያው ፍሙ አጠገብ ዝር እንዳትዪ!"

የባሏ እህት ያና ክንዷን ጎተተቻት። "አንቺ፣ አንድ ቃል እኮ ናት! ምን ትከብድሻለች?"

"ሠላሳ ስምንት ዓመት ዝም ብዬ የተሸከምኳት እውነት ናት የከበደችኝ።"

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ፍሙ አደባባዩ ላይ ተነጠፈ። ከበሮው ተመታ፤ ሥዕል የያዙት ቅዱሱ እንደያዘው ሰው እየተንቀጠቀጡ ተሻገሩ። ስታሜና ጫማዋን አውልቃ ተከተለች። ከበሮ መቺው ሲያያት እጁን ሰበሰበ።

ከበሮው ቆመ። እጆቿን የት እንደምታደርጋቸው ጠፋት። እግሯ የለመደው ምት የለም። መሃል ላይ ስትደርስ ለአፍታ ያህል ዘገየች፤ ግራ ተረከዟ ጨሰ። ጥርሷን ነክሳ ማዶ ወጣች።

"ተቃጠለች!" አለ አንዱ።

"አያችሁ? ቅዱሱ ጣላት!" አለ ዲምቾ።

ስታሜና እግሯን አንስታ ውሃ የቋጠረውን ተረከዟን ለሁሉም አሳየች።

"አዎ፣ ተቃጥያለሁ። ከበሮው ሲቆም ስለዘገየሁ ነው። ግን ተሻግሬያለሁ። እስከ ዛሬ እሱ ይዞኝ ከነበረ፣ ዛሬ ማን ያዘኝ?"

ዲምቾ ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ቅዱሱ ቀጣኝ በይ። ከርሞ ሥዕሉ ያንቺ ነው።"

"እርስዎ ጋ ይቀመጥ።"

ወደ ከበሮ መቺው ዞረች። "አንተም ባትመታ ግድ የለም። አሁን የእርምጃዬን ልክ አውቄዋለሁ።"

ቀሚሷን ሰብስባ ወደ ፍሙ ተመልሳ ገባች፤ በዚህኛው ዙር ፈጠን ብላ።