አንድ ቆጣሪ ለአንድ ቤት

ቤት መሸጥ ቀላል የሚመስለው ሸጦ ለማያውቅ ሰው ነው። እኔም ሸጬ ስለማላውቅ፣ ካርታው በስሜ ነው፣ ግብሩ ተከፍሏል፣ ገዢም ተገኝቷል፣ እንግዲህ ምን ቀረ ብዬ ዕቃዬን በካርቶን ማሰር ጀምሬ ነበር። አሰላ ተወልጄ፣ እዚያው አሰላ ሠላሳ ዓመት አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ። ጉልበቴ ከጭላሎ ተራራ የሚወርደውን ብርድ አልችልም ስላለኝ፣ አዳማ ታናሽ ወንድሜ ሰፈር አነስ ያለች ቤት ልገዛ አስቤ ነበር። ሐሳቡ የወንድሜ ነው። ደጋግሞ ሲነግረኝ ግን የራሴ መሰለኝ።

ገዢው የሳጉሬ እህል ነጋዴ ነው። ልጆቹን አሰላ ለማስተማር ቤት ይፈልጋል። ሰውዬው ክፉ አይደለም። ይህን ከወዲሁ ልናገር፤ ኋላ ላይ ስለ እሱ የምለው አያምርምና። ከፊሉን በብድር ስለሚከፍል፣ አበዳሪው የቤቱን ደህንነት የሚያረጋግጥ ወረቀት አምጣ አለው። ግድግዳው እንደማይወድቅ፣ ጣራው እንደማያፈስ፣ የመብራቱ መስመር ሰው እንደማይገድል ባለሙያ አይቶ ይፈርማል። ካልፈረመ ብድር የለም፣ ብድር ከሌለ ደግሞ ሽያጭ የለም። አንዳንዱ ሰው ባለሙያውን ቤት ድረስ ሳያደክመው ሻይ ቤት አግኝቶት ወረቀቱን ይዞ እንደሚመለስ ደላላው ጠጋ ብሎ ነገረኝ። እኔ የምፈልገው ቤቱን የሚያይልኝ ሰው ነው አልኩት። አባቴ የሠራውን ቤት ማንም መጥቶ ቢያየው አላፍርም።

ባለሙያው መጣ። ገና ወጣት ነው፤ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ፣ ደብተሩን ከዝናቡ በጃኬቱ ደብቆ ገባ። «እናቴ» ይለኛል። ሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነው፤ እናቱ ለመሆን ዕድሜው ቢፈቅድም እንዲህ በቶሎ መባሉን አልወደድኩትም። ሥራውን ግን አክብሮ ይሠራል። የጭቃውን ግድግዳ በየማዕዘኑ እያንኳኳ አዳመጠ፤ መሰላል አስመጥቶ ቆርቆሮው ሥር ገባ፤ ማገሩን በቢላዋ ጫፍ ነካ ነካ አደረገና «ይሄ ከኛ ብሎኬት ይበልጣል» አለኝ። ደስ አለኝ፣ ለምን እዋሻለሁ። ውሃው በየት በኩል ነው የሚገባው ሲለኝ እጄን ወደ ላይኛው መንገድ ዘረጋሁ። «ጥሩ» ብሎ ጻፈ።

ከዚያ ከበረንዳው ወጥቶ የመብራት ቆጣሪው ጋ ቆመ፤ ረጅም ጊዜም ቆየ።

ከቆጣሪያችን ሥር አንድ ሽቦ ይወጣል። አጥሩን ተደግፎ ይሄድና የጥዱ ቅርንጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ ወደ ታችኛው ጎረቤታችን ግቢ ይሻገራል። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊ ናቸው፣ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፤ እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ጋሼ ነው የምላቸው። ቀኝ እግራቸው ድሮውንም ስለማይታዘዝላቸው የእግር ማሽን መርገጥ አይችሉም። ስለዚህ ማሽናቸው ላይ ሞተር አስገጥመው፣ በሞተሩ የሰፈሩን ተማሪ ሁሉ ዩኒፎርም አልብሰዋል፤ የመዘምራንም ልብስ ይሰፋሉ። ግቢያቸው ካርታ የለውም። ማመልከቻቸው ከአንዱ ጠረጴዛ ወደ ሌላው ሲዞር እሳቸው አርጅተዋል፤ ካርታ የሌለው ሰው ደግሞ በስሙ ቆጣሪ አይገባለትም። የሚሠሩት በእኛ መብራት ነው። ያ ሽቦ ከተቆረጠ የሚበሉት አይኖራቸውም።

«ይሄ ይነሳል» አለኝ ልጁ።

«ለምን?»

«አንደኛ አደገኛ ነው። ሁለተኛ ደግሞ አንድ ቆጣሪ ለአንድ ቤት ነው፣ እናቴ። ይሄ ሳይነሳ መፈረም አልችልም።»

ስለ አደጋው እውነቱን ነው። ሽቦው ሁለት ቦታ ላይ ተላጦ በፌስታል ተጠቅልሏል፤ ከባድ ዝናብ ሲጥል ኮንታክት እየፈጠረ ጥዱ ውስጥ ብልጭ ይላል። አባቴ ጥሩ አናጢ እንጂ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ አልነበረም። አብሮት የመጣው ገዢም እዚያው ቆሞ ስለነበር «በቃ ይቆረጣላ» አለ፤ የተንጠለጠለ ክር ከኮቱ ላይ እንደሚነቅል ሰው።

አሁን የማፍርበትን ልንገራችሁ። በማግስቱ ጋሼን ልነግራቸው ሄድኩ። ልከራከርላቸው አልነበረም የሄድኩት፣ ይቆረጣል ልላቸው ነው። ዕቃዬ ታስሯል፣ የአዳማዋ ቤት ታይታለች፣ ጉልበቴ ያመኛል፤ ምክንያት ሞልቶኛል። ነሐሴ ስለነበር ክፍላቸው በሰማያዊ ጨርቅ ተሞልቶ መቀመጫ እንኳ አልነበረም። ቆሜ ነገርኳቸው። ማሽኑን አቁመው ሰሙኝ።

«እሺ» አሉ። ሰማያዊውን ጨርቅ እያመለከቱ፣ «ይሄን ዩኒፎርም እስክጨርስ ብቻ ታገሺኝ። ልጆቹ ትምህርት ቤት ሲከፈት ራቁታቸውን አይሄዱም» አሉ።

ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ስወጣ ዝናቡ አባርቶ ነበር። ከኋላዬ ምርኩዛቸውን ይዘው ወጡና ወደ አጥሩ ጥግ ሄዱ። እዚያ አንድ ቁራጭ ቆርቆሮ መሬት ላይ ተኝቷል፣ ድንጋይ ተጭኖበታል። ድንጋዩን ገፍተው፣ ቆርቆሮውን አንስተው፣ በአሮጌ ጣሳ ጭቃ መዛቅ ጀመሩ። በዚያ እግር መሬት ላይ መቀመጥ ቀላል አይደለም። ቦይ የሚያስተካክሉ መስሎኝ ላግዛቸው ተመለስኩ።

«ምን እየሠሩ ነው ጋሼ?»

«ጎርፉ ቆጣሪውን እንዳይሞላው ነው።»

«የምን ቆጣሪ?»

ቀና ብለው አዩኝ፤ የምቀልድ መስሏቸው ነበር። «የእናንተ ነዋ» አሉ። «የውሃው።»

ዕድሜ ልኬን በዚያ ቤት ቧንቧ ከፍቻለሁ። ውሃው ከየት እንደሚመጣ አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም። ጋሼ እንደነገሩኝ፣ ለካ ያን ጊዜ በላይኛው መንገድ መስመር አልነበረም፤ ትልቁ ቧንቧ የሚያልፈው በታችኛው ቅያስ፣ በጋሼ በር ነው። አባቴ ውሃ ለማስገባት የነበረው መንገድ በእሳቸው ግቢ በኩል ብቻ ነበር። ሁለቱ አብረው ቆፈሩ፤ ጋሼ ተቀምጠው በአካፋ አፈር እየገፉ። ቧንቧው እንዳለቀ አባቴ ሽቦውን ይዞ ጥዱ ላይ ወጣ። ወረቀት አልተጻፈም፣ ሽማግሌም አልተጠራም። ሽቦው ከላይ ስለሆነ መንገደኛ ሁሉ ያየዋል፤ ቧንቧው ግን ከመሬት ሥር ስለሆነ እኔ የቤቱ ልጅ እንኳ ረሳሁት። አባቴም እናቴም ካለፉ በኋላ ጋሼ በየክረምቱ እዚያ ጭቃ ውስጥ እየተቀመጡ የእኛን ቆጣሪ ሲጠርጉ ኖረዋል።

«ቅድም መብራትዎ ይቆረጣል ስልዎ ለምን አልነገሩኝም?» አልኳቸው። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር።

«ምን ልበልሽ? ውሃሽን እዘጋለሁ ልበል?» ጣሳውን ደፉት። «ኢንተላ ኮ፣ ዲሲ። ተይው ልጄ። ውሃ የሚጠጡት ልጆች ናቸው፤ ቤትሽ የሚገባው ሰው ልጆች አሉት ብለሽኛል።»

አፈርኩ። ከዚያ ተናደድኩ። ማፈሩ የራሴ ዕዳ ነው። ንዴቱን ግን ወዴት እንደምወስደው አውቄ ነበር።

በዚያው ሳምንት ከገበያው አጠገብ የሚሠራ ኤሌክትሪሺያን አመጣሁ። አደገኛ ነው አይደል የተባለው? እንግዲያው አደገኛ እንዳይሆን ይደረጋል። የአባቴን ሽቦ ከጥዱ ላይ አወረድን። አዲስ ወፍራም ኬብል በብረት ምሰሶ፣ ከዛፍ ርቆ፣ ከሰው ቁመት በላይ አለፈ። የጋሼ መስመር ለብቻው ማጥፊያ ተበጀለት፤ ኤሌክትሪሺያኑ መሬት የሚገባውንም ሽቦ አልዘነጋም። ጋሼ በራቸው ላይ ተቀምጠው «እሱ ጠማማ ነው፣ ቀና አድርገው» እያሉ ሲያዝዙ ዋሉ። ከዚያ ለባለሙያው ደወልኩለትና ና እይ አልኩት።

ገዢውንም ይዞ መጣ። ልጁ ኬብሉን ተከትሎ እስከ ጋሼ ክፍል ድረስ ሄደ፤ በመለኪያው ለካ፣ ማጥፊያውን አጥፍቶ አበራ።

«አደጋ አለው?» አልኩት።

«የለውም። እንዲያውም ከዋናው ቤት መስመር ይሻላል።»

«ታዲያ ጻፈው።»

«አልችልም እናቴ። ፎርሙ ላይ ወደ ሌላ ቤት ለሚሄድ መስመር ቦታ የለም። አንድ ቆጣሪ ለአንድ ቤት ነው።»

«ፎርሙ ስለ ደህንነት አይደለም እንዴ የሚጠይቀው?»

እጁን ይዤ ወደ አጥሩ ጥግ ወሰድኩት፤ ቆርቆሮውን በእግሬ ገፋሁና የውሃውን ቆጣሪ አሳየሁት። የኔ ስም ያለበት ቢል የሚመጣው በዚህ ነው፣ ግቢው ደግሞ የሌላ ሰው ነው አልኩት። ወደ ሌላ ቤት የሚሻገር ነገር ሁሉ የሚነሳ ከሆነ ይሄም ይነሳ። አንተ ግን «ጥሩ» ብለህ ጽፈህለታል፤ ጥፋቱ የኔ ነው፣ በእጄ ወደ ሌላ መንገድ አሳይቼሃለሁ። አሁን አስተካክለው አልኩት።

ልጁ ቆጣሪውን አየ፣ ደብተሩን አየ። «ባያሳዩኝ ይሻል ነበር» አለኝ። ከልቡ ነው፤ አዘንኩለት።

የደነገጠው ገዢው ነው። ውሃ የሌለው ቤት ማን ይገዛል? ወደ ጋሼ ዞር ብሎ በኦሮምኛ በትህትና ጠየቃቸው፣ ቧንቧው እንዲቆይ ይፈቅዱ እንደሆነ። ጋሼ ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ፣ ይቆያል አሉ። ፊቱ በራ። ወደ እኔ ተመለሰና ነገሩን በአንድ ትንፋሽ ጨረሰው።

«በቃ ጥሩ ነው እትዬ። ውሃው ይቆያል፣ መብራቱ ይቆረጣል፣ ወረቀቱ ይፈረማል።»

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ እርስዎ ስለው ነበር። «አንተ» አልኩት፣ «የጋሼን ውሃ እየጠጣህ በጨለማ ልታስቀምጣቸው ነው?»

«ደንቡ ነው እንጂ እኔ ምን አደረግሁ?»

«ደንቡ ውሃውንም አላወቀውም። እሱን ግን ማቆየት አልከበደህም። ሂድ፣ ቤቱ አይሸጥም።»

ቀብድ አልተቀበልኩም ነበር፤ ወንድሜ ከአዳማ መጥቶ አብረን እንቀበላለን ብለን ስንጠብቅ ነበርና፣ ምስጋና ለእሱ መዘግየት። ሰውዬው ትንሽ ቆመ፣ የተቆጣች አስተማሪ ፊት የቆመ ተማሪ መስሎ፤ ከዚያ ሄደ። ባለሙያው ለመሄድ ሲነሳ፣ ባይፈርምም ያየውን እንዲጽፍልኝ ጠየቅሁት። ከፎርሙ ግርጌ፣ አስተያየት በሚለው ቦታ፣ በእስክሪብቶ ጻፈ፦ ወደ ጎረቤት የሚሄደውን መስመር አይቼዋለሁ፣ አደጋ አላገኘሁበትም። እሱ የሚሠራበት ቢሮ አለቃ ማህተም እንደማያደርጉበት እሱም እኔም እናውቃለን። አላደረጉበትም። ቢሮው ድረስ ሄጄ ጠየቅኋቸው። አለቃው ሽቦውን ቆርጠሽ ነይ አሉኝ። ሽማግሌው በጨለማ ቢቀመጡስ ስላቸው፣ ያ ከቤት ሽያጩ ጋር አይገናኝም አሉኝ። ዶሴዬን ከጠረጴዛው ላይ አንስቼ ወጣሁ።

ማታውኑ ወንድሜ ደወለ። «ለአንድ ሽቦ ብለሽ?» ይለኛል። አዎ፣ ለአንድ ሽቦ ብዬ። አንተም በዚያ ውሃ ነው ያደግኸው፣ ቧንቧው በየት እንደሚገባ ታውቃለህ ብዬ ጠየቅሁት። አላወቀም። በላይኛው መንገድ አለኝ።

ከሁሉ የከበደኝ የጋሼ ቁጣ ነው። በማግስቱ መሬቱን በምርኩዛቸው እየመቱ በሬ ላይ መጡ። «በእኔ ሰበብ ቤቷን መሸጥ አቃታት ሊባል ነው?» አሉኝ። «እኔ ለማንም ሸክም ሆኜ አላውቅም። ማሽኑን እሸጠዋለሁ፣ ቁረጪውና ሂጂ።» እንዲህ ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም። እኔም ወደ ኋላ አላልኩም። ማሽንዎን መሸጥ መብትዎ ነው፣ ሽቦው ግን የአባቴ ቃል ነው፣ እርስዎም ሆኑ ቢሮው ልታስቆርጡኝ አትችሉም አልኳቸው። ተኮራርፈን ሁለት ቀን ቆየን። በሦስተኛው ቀን ጠዋት የማሽኑ ድምፅ ተሰማኝ፤ ዩኒፎርሙ ገና አላለቀም ነበር።

ቤቱ አሁንም ለሽያጭ ነው። ያለ ብድር፣ በራሱ ገንዘብ የሚገዛ ሰው እጠብቃለሁ፤ እሱ ወረቀቱን የሚጠይቀው የለም። ደላላው ግን ተቀይሞኛል፣ ገዢ የማባርር መስሎታል። ቤት ለማየት የሚመጣን ሰው መጀመሪያ የማስገባው በእኔ በር አይደለም፤ በታችኛው ቅያስ አዙሬ በጋሼ በር ነው። ቆርቆሮውን አንስቼ ቆጣሪውን አሳያለሁ፣ ከዚያ ቀና በል ብዬ ኬብሉን፣ ከዚያ ማሽኑንና ሰውዬውን። ሁለቱንም የማይቀበል የእኔን ሳሎን አያይም። ሁለት ሰዎች ከዚያው ተመልሰዋል።

ባለፈው ሳምንት የመጣው ከጮሌ የተዛወረ ወጣት አስተማሪ ነው። ከሌሎቹ ይልቅ ብዙ ቆየ፤ ከጋሼ ጋር ተጨባበጠ፣ ጭቃውን ረግጦ ቧንቧው የሚሄድበትን በዓይኑ ተከተለ። ከዚያ ያሳየሁትን የካርታ ኮፒ ገልጦ አገላብጦ ወደ እኔ ዞረ።

«ይሄ ሁሉ ግን ወረቀቱ ላይ የለም» አለኝ።

«የለም» አልኩት። «በእግርህ ያመጣሁህ ለዚህ ነው።»