መስከረም አንድ የተወለዱ ሁሉ

ኮምፒውተር ውስጥ ያሉ ስምንት የመረጃ ሰንጠረዦችን ከየትኛው ጀምረን ብናገናኛቸው መልሱ ቶሎ ይመጣል? ሁለት ዓመት ሙሉ ይህችን ጥያቄ ይዤ ስዞር ጓደኞቼ ገና ከሩቅ ሲያዩኝ መሸሽ ጀምረው ነበር። እኔ ግን አልሰለቸኝም።

ለሁለተኛ ዲግሪዬ ቅደም ተከተሉን የሚመርጥ ዘዴ ሠርቻለሁ። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ጥቂት መረጃ ካለበት ጀምር፣ ብዙውን ወደ ኋላ አቆይ። ከነባሩ ዘዴ ጋር በሰዓት ሳወዳድረው ሁልጊዜ የእኔው ይቀድማል። የመፈተኛውን መረጃ የፈጠርኩት ራሴ ነኛ! ራሴ ፈታኝ፣ ራሴ ተፈታኝ።

አማካሪዬ «እስቲ በእውነተኛ መረጃ ሞክሪው» አሉኝ። አብነት ሰፈር ያለ አንድ ክሊኒክ የታካሚዎቹን መዝገብ ስማቸውን ሰርዞ ሰጠኝ፤ እኔም ካርድ ክፍሉ ጥግ ላይ ላፕቶፔን ዘርግቼ የመፈተኛ ጥያቄዎቼን አንድ በአንድ ለቀቅኩ። አብዛኞቹ ላይ የእኔ ዘዴ ቀደመ። አንዱ ላይ ግን ተገተረ። ነባሩ መልሱን ሰጥቶ ጨርሷል፣ የእኔው ምሳ ሰዓት አልፎም ይዳክራል። ተናደድኩ፤ ከንዴቱ ይልቅ ግን ምን አግኝቶት ይሆን የሚለው ባሰብኝ።

ጥያቄው የሚፈልገው በአንድ ቀን ከተወለዱት መካከል የደም ግፊት ክትትል ያላቸውን ነው። ዘዴዬ፣ በአንድ ቀን የሚወለድ ስንት ሰው ይኖራል ብሎ ከልደት ቀኑ ጀምሯል። ቀኑ መስከረም አንድ ነበር።

የካርድ ክፍሉ ሠራተኛ፣ ጡረታቸው የደረሰ ሴትዮ፣ ከጀርባዬ ቆመው ስክሪኑን አዩና ሳቁ።

«መስከረም አንድ? ውይ ልጄ፣ እሱን እኮ እኔ ነኝ የምጽፈው።»

«እንዴት እርስዎ?»

«ልደታቸውን የማያውቁ ትልልቅ ሰዎች ይመጣሉ። ኮምፒውተሩ ደግሞ ቀን ካልሞላሽልኝ አላልፍም ይላል። ታዲያ ምን ላድርግ? ሁሉንም በአዲስ ዓመት ወለድኳቸዋ!»

እኔም ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ለካ ዘዴዬ ጥቂት ሰው አገኛለሁ ብሎ ዘው ያለው የሰፈሩ አዛውንት ሁሉ የተሰበሰበበት ነው።

አማካሪዬ ስነግራቸው ምንም አልመሰላቸውም። «የተበላሸ መረጃ ነዋ። አውጪያቸው፣ ዘዴሽ ያሸንፋል።»

እውነታቸውን ነው፤ አንድ መስመር ትእዛዝ ይበቃል። ጻፍኩት። ከመልቀቄ በፊት የሚወጡት እነማን እንደሆኑ ለማየት ዝርዝሩን ከፈትኩ። ዕድሜ፣ ሰፈር፣ መድኃኒት ብቻ ነው ያለው። ጠመንጃ ያዥ፣ የስኳር ኪኒን። ልደታ ማርያም፣ የግፊት ኪኒን። አብነት፣ የዓይን ጠብታ። ወደ ታች ብወርድ ብወርድ አያልቅም።

እናቴ እዚያ ክሊኒክ ካርድ አላት። «ክረምት ነው የተወለድኩት፤ ወንዝ ሞልቶ አዋላጇ መሻገር አቅቷት» ትላለች እንጂ ቀኑን አታውቅም። ካርዷ ላይ መስከረም አንድ ይላል።

ትእዛዙን ሰረዝኩት። ለአማካሪዬ በላክሁት ውጤት ላይ ዘዴዬ ተሸንፏል። ከፍቶኛል፣ ሁለት ዓመት የለፋሁበት ነው። ግን ከእነዚያ ስም አልባ መስመሮች አንዷ እናቴ ናት፤ እሷን አውጥቼ አላሸንፍም።