ቡሬ ላይ ከመደርደሪያ የወረደው ሞሰብ

ቅዳሜ አምስት ሰዓት ላይ ከፍኖተ ሰላም ተነሣን። የመጀመሪያው ሴሚስተር አልቆ አባቴ ሊወስደኝ ከዱርቤቴ መጥቶ ነበር። ሲደርስ ያገኘኝ በኪራይ ክፍሌ ውስጥ፣ በሬን ዘግቼ፣ ብቻዬን ስበላ ነው። «እንዲህ ነው የምትበይው?» አለኝ። ከዚያ ወዲያ ወደ ትምህርትሽ ትመለሺያለሽም አትመለሺምም አላለኝም። ደስ ብሎት ቤቱ እንዲገባ መንገዳችን ላይ ቡሬ ምሳ ልጋብዘው አሰብኩ።

ማንኩሳን ስናልፍ ከሚኒባሱ መስኮት የገለባ ክምሩን እያየ «መሬቱስ ሸጋ ነው» አለ።

ቡሬ፣ ስድስት ሰዓት

ምግብ ቤቱ ከገበያው ጀርባ ያለ የድሮ ነጋዴዎች ቤት ነው። ግድግዳው ድንጋይ፣ ፎቁ ሳንቃ፤ ደረጃው ሲረገጥ ሲጢጥ ይላል። አባቴ ምሰሶውን በመዳፉ ዳብሶ «ወይራ ነው» አለ። ደስ አለኝ።

አስተናጋጇ የበግ ወጡን በሁለት ትሪ ለየብቻ አቀረበችልን። አጠገባችን አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ብቻውን ይበላል።

«ና እንጅ ወንድሜ፣ እንብላ» አለው አባቴ።

«ይባረክ አባቴ፣ እርስዎ ይብሉ» አለ ሹፌሩ፣ ቀና ሳይል።

አባቴ እንጀራውን አልነካም። ወጡ ሲቀዘቅዝ የቤቱ ባለቤት፣ እትየ ፈንታነሽ፣ መጣች።

«ምነው፣ አልጣመዎትም?»

«ሳልቀምሰው እንዴት ይጥመኛል? ሦስት ሰው ሦስት ቦታ! የተጣላን መሰልን እኮ።»

አፍሬ ዓይኔን ሳነሣ መደርደሪያው ላይ ለጌጥ የተቀመጠ ትልቅ ሞሰብ አየሁ።

«እትየ፣ እሱን ማውረድ ይቻላል?» አልኩ።

«የነጋዴዎቹ ነበር፤ እኔ ቤቱን ከያዝኩ ወዲህ ማንም አልበላበትም» ብላ ሳቀች። ቢሆንም አወረደችው፤ በንጹሕ ጨርቅ ወልውላ አዲስ እንጀራ አነጠፈችበት። ሁለቱን ትሪ ገለበጥኩበት። ወደ ሹፌሩ ትሪ እጄን ስዘረጋ፣ «ኧረ ተይ፣ መጣሁ! በልጅ ሊያስጎትቱኝ ነው እንዴ?» ብሎ ራሱ ተሸክሞት መጣ።

አባቴ የመጀመሪያውን ጉርሻ ለእሱ ሰጠ። ቀጥሎ «አንችም ቁጭ በይ» አላት እትየ ፈንታነሽን። ለአፍታ ብላ የተቀመጠች ሴት ሞሰቡ ባዶ እስኪሆን አልተነሣችም።

ዱርቤቴ፣ አሥራ አንድ ሰዓት

እናቴ ገና በር ላይ «ልጄ ከስታለች» ማለት ስትጀምር አባቴ አቋረጣት።

«እሱን ተይው። ስትመለስ የምትይዘውን በሶ ለሁለት ሰው አርጊው። ከክፍሏ አጠገብ ሌላ በር አይቻለሁ።»

እውነቱን ለመናገር ከዚያ በር ጀርባ የምትኖረውን ልጅ ስሟን እንኳ አላውቅም ነበር። ትርንጎ ትባላለች። ፍኖተ ሰላም ተመልሼ ይህን ስጽፍ እኔ ክፍል በሶውን እየበጠበጠች ነው፤ የክፍሌም በር ክፍት ነው።